ምጣዱ እንዳይቀዘቅዝ፦ ገበያ ሲቀንስ የሰፈር ምግብ ቤት ምን ያድርግ?



ጊዜው ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ነበር። ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ሰዓት፤ ዙህር ተሰግዶ ሰው ከመስጊድ ወጥቷል። ከመሥሪያ ቤታችን ጥቂት እርምጃ ርቃ የምትገኘውና ለዓመታት ምሳ የበላንባት ትንሽ ምግብ ቤት ውስጥ አሥራ ሁለት ጠረጴዛዎች አሉ። በዚያን ዕለት ሰው የተቀመጠባቸው አራቱ ብቻ ነበሩ። ዱሮ በዚህ ሰዓት ቦታ ለማግኘት በር ላይ ቆመን የምንጠብቅባት ቤት ናት። አስተናጋጆቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። የቤቱ ባለቤት፣ ሰፈሩ ሁሉ «እማማ» የሚላቸው እናት፣ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆነው በመሶብ የቀረውን እንጀራ ይቆጥራሉ።

ሒሳብ ልንከፍል ስንነሳ እማማ ጠጋ አሉና፣ «ልጆቼ፣ እናንተ የተማራችሁ፣ ብዙ ሰው የምታገኙ ናችሁ። እስቲ ምከሩኝ። እስከ ረመዷን ካልተሻሻለ እዘጋዋለሁ» አሉን።

እማማ ባለቤታቸው ከሞቱ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። ሦስት ልጆች ያሳደጉት በዚህች ቤት ነው። ቤቷ የምታስተዳድረው ግን እሳቸውን ብቻ አይደለም፤ ሰባት ሠራተኞች አሉ፤ ከሰባቱ መካከል ሁለቱ ወደ ክፍለ ሀገር ገንዘብ የሚልኩ ናቸው። እንግዲህ አንድ ትንሽ ምግብ ቤት ተዘጋ ሲባል የሚቀዘቅዘው ምጣድ አንድ ብቻ እንዳልሆነ ልብ ይሏል።

የእማማ ጥያቄ የብዙ ቤተሰብ ጥያቄ በመሆኑ በዛሬው ዝግጅታችን ልናነሳው ወደድን። ገንዘብ ሳይኖር ገበያን መልሶ ለማምጣት ምን ማድረግ ይቻላል? ከእማማ ጋር ሆነን የሞከርነውን፣ የሠራውንም ያልሠራውንም፣ እንደሚከተለው እናቀርባለን።

ችግሩ ከየት መጣ?

መድኃኒት ከመፈለግ በፊት በሽታውን ማወቅ ይቀድማል። ያለፉት ዓመታት ለአነስተኛ ምግብ ቤቶች እጅግ ከባድ ነበሩ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ሲነገር፣ ከዚያም በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ ተሰብስቦ መብላት የሚያስፈራ ነገር ሆነ። ያ አልፎ ሰው መለስ ሲል የኑሮ ውድነቱ ተከተለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከዚያ ቀደም 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የምግብ ዘይታችን አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ይህ ለውጥ ከባንክ ቤት ተነሥቶ ቀጥታ ወደ እማማ መጥበሻ ነው የደረሰው። በዚያው በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ ብዙ ነዋሪና ነጋዴ ከነበረበት ሰፈር ወደ ሌላ እንዲዛወር አደረገ። ከሰፈር የሚሄድ ሰው ምሳውንም ይዞ ይሄዳል።

እንግዲህ የእማማ ወጥ ጣዕሙ አልተለወጠም። የተለወጠው የደንበኛው ኪስና አድራሻ ነው። ይህን መረዳት ጠቃሚ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ባለ ምግብ ቤቶች ገበያ ሲቀንስ ሠራተኛውን ወይም ራሳቸውን መውቀስ ይቀናቸዋል። ወቀሳ ግን እንጀራ አይሸጥም።

መጀመሪያ ሒሳብ

እማማ የመጀመሪያው ሐሳባቸው ዋጋ መቀነስ ነበር። «አሥር በመቶ ብቀንስ ሰው አይመጣም?» አሉን። እኛም ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣን። ሒሳቡን ለማቅለል ቁጥሮቹን አስተካክለን እናቅርበው።

አንድ ሳህን ምሳ በ200 ብር ይሸጣል። ለእንጀራው፣ ለወጡ፣ ለከሰሉ፣ ለሳሙናውና ለሶፍቱ 120 ብር ይወጣል። የሚተርፈው 80 ብር ነው። ከዚህ ተራፊ ውስጥ ደግሞ የቤት ኪራይ፣ ደመወዝ፣ መብራትና ውሃ፣ ግብርም ይከፈላል። እነዚህ ወጪዎች ሰው መጣም አልመጣም የማይቀሩ ናቸው፤ በቀን ሲካፈሉ 4,000 ብር ይሆናሉ እንበል። 4,000ን ለ80 ስናካፍል 50 ይመጣል። ስለዚህ ቤቱ እንዳይከስር በቀን 50 ሳህን መሸጥ አለበት። በዚያ ሰሞን ይሸጥ የነበረው 38 ነበር። ጉድለቱ በቀን 960 ብር፣ በወር ሃያ ስድስት የሥራ ቀን ወደ 25,000 ብር ነው።

አሁን አሥር በመቶ ይቀነስ። ሳህኑ 180 ብር ይሆናል፤ ወጪው ግን ያው 120 ነው። የሚተርፈው 60 ብር ብቻ። 4,000ን ለ60 ስናካፍል 67 ሳህን ግድ ይላል። በሌላ አነጋገር ትንሽ የምትመስለው የሃያ ብር ቅናሽ ከሃምሳው ላይ ተጨማሪ አሥራ ሰባት ሰው ካላመጣች በቀር ኪሳራውን አታስቀርም። እማማ ወረቀቱን ደጋግመው አዩትና፣ «ለካስ በገዛ እጄ ልገድላት ነበር!» አሉ።

ከዚህ የምንማረው፣ ማንኛውም የገበያ ዘዴ ከመጀመሩ በፊት ባለቤቱ ሦስት ቁጥሮችን ማወቅ አለበት። እነሱም ከአንዱ ሳህን የሚተርፈው፣ የቀኑ የማይቀር ወጪ፣ እና በቀን መሸጥ ያለበት የሳህን ብዛት ናቸው። ይህን ለማወቅ የሂሳብ ባለሙያ መቅጠር አያስፈልግም። ስምንተኛ ክፍል የደረሰ የቤቱ ልጅ በአንድ ማታ ሊሠራው ይችላል።

አሮጌው ደንበኛ ይቅደም

አዲስ ሰው ከመፈለግ የቀረውን ሰው መጠየቅ ይቀላል። እማማና የበኩር ልጃቸው አንድ ማታ ተቀምጠው ዱሮ ዘወትር ይመጡ የነበሩ ደንበኞችን ስም በደብተር ጻፉ። አርባ አንድ ሰው ሆኑ። የስልክ ቁጥራቸው የተገኘውን ደወሉላቸው፤ ሌላውን በመንገድ ሲያገኙት ጠየቁት። ጥያቄው «ለምን ቀራችሁ?» የሚል ወቀሳ አልነበረም፤ «ጠፋችሁብን፣ ደኅና ናችሁ ወይ?» የሚል ነበር። በእኛ አገር ሰውን መጠየቅ ራሱ ወግ ነውና ማንም ቅር አላለውም።

መልሱ አስገራሚ ነበር። ጥቂቶቹ ሰፈር ቀይረዋል። ብዙዎቹ ግን እዚያው ናቸው፤ ምሳ ከቤት ቋጥረው መምጣት ጀምረዋል። ሁለቱ ደግሞ አንድ ቀን ምግብ ዘግይቶባቸው እንደተቀየሙ ተናገሩ። አንዱ በዱቤ የበላበት ሒሳብ ስላለበት አፍሮ እንደቀረ በሌላ ሰው በኩል ተሰማ። እማማ ይህን ሲሰሙ ወዲያው ላኩበት፤ «ሲመችህ ትከፍላለህ፣ አንተ ብቻ ና» አሉት። መጣም፤ ከፈለም።

ለዘወትር ደንበኞች አንዲት ትንሽ ካርድ ተዘጋጀች። አሥር ምሳ የበላ አሥራ አንደኛው በነጻ። ይህ ከቅናሽ በምን ይለያል? ደንበኛው አሥር ጊዜ ሙሉ ዋጋ ከፍሏል። ለአሥራ አንደኛው ቤቱ የሚያወጣው የምግቡን ወጪ 120 ብር ነው፤ ለአሥር ሲካፈል በሳህን 12 ብር ይሆናል። የሃያ ብሩ ቅናሽ ግን ለመጣ ሰው ሁሉ፣ ተመልሶ ለማይመጣውም ጭምር፣ ይሰጣል። ካርዷ የምትሸልመው ተመላላሹን ብቻ ነው። ካርዷን ለማዘጋጀት ወፍራም ወረቀትና የቤቱ ማኅተም በቂ ነበር።

ምሳው ወደ ሰው ይሂድ

ሰው ወደ ምግብ ቤት ካልመጣ ምግብ ቤቱ ወደ ሰው መሄድ አለበት። በእማማ ቤት ዙሪያ አንድ ጋራዥ፣ አንድ የልብስ ስፌት ቤትና ጥቂት ሱቆች አሉ። በነዚህ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ምሳ የሚበሉበት ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ ከአስተናጋጆቹ አንዱ በየጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ዞሮ ትእዛዝ መቀበል ጀመረ። ምሳው ከስድስት ሰዓት ተኩል በፊት በምሳ ዕቃ ተሞልቶ ይደርሳል፤ ባዶው ዕቃ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሰበሰባል። ለዚህ ሥራ አዲስ ሠራተኛ አልተቀጠረም። ግድግዳ ተደግፎ ይቆም የነበረው ልጅ ነው የተሰማራው።

ቀጥሎ የመጣው የኮንትራት ምሳ ነው። ኮንትራት በከተማችን የቆየ ልማድ ነው፤ የወሩን ቅድሚያ ከፍሎ መብላት። ሆኖም ዋጋ በየጊዜው በሚንርበት ወቅት የወር ኮንትራት ባለ ምግብ ቤቱን ሊጎዳ ይችላል፤ በወሩ መጀመሪያ የተቀበለው ገንዘብ በወሩ መጨረሻ ያንኑ ሽንኩርት አይገዛምና። ስለዚህ የሳምንት ኮንትራት እንዲሆን መከርን። ሰኞ ጠዋት የአምስት ቀን ምሳ በአንድ ሳህን 190 ሒሳብ 950 ብር ይከፈላል። ለደንበኛው በሳምንት ሃምሳ ብር ይቆጥብለታል። ለእማማ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ገበያ የሚወጡበት ጥሬ ገንዘብ ይሆናል፤ ነጋዴው ዘንድ በዱቤ በውድ ከመግዛት ይገላግላቸዋል።

ከጋራዡና ከልብስ ስፌቱ አሥራ ሁለት አዲስ ሰዎች ተመዘገቡ። ከአንዱ ሳህን 70 ብር ሲተርፍ ከአሥራ ሁለቱ በቀን 840 ብር ይሆናል። የቀኑ ጉድለት 960 እንደነበር አንባብያን ያስታውሳሉ። ከጉድለቱ አብዛኛው የተሸፈነው አንድም ብር ለማስታወቂያ ሳይወጣ ነው።

አንድ ነገር ግን ማስጠንቀቅ እንወዳለን። በኮንትራት የተከፈለ ገንዘብ አማና ነው። ምን እንደሚቀርብ፣ ስንት ቀን እንደሆነ፣ ደንበኛው ቢቀር ምን እንደሚደረግ ከመጀመሪያው በግልጽ መነገር አለበት። በአፍ ብቻ የተስማሙበት ነገር ለጠብ በር ይከፍታልና በአንዲት ካርኒ ላይ ይጻፍ።

በር ላይ የቆመው ሰው

ብዙ ሰው በምግብ ቤት በር ላይ ቆም ብሎ የሚመለስበት ምክንያት ምን ይመስላችኋል? ዋጋውን ስለማያውቅ ነው። ኪሱ በሳሳ ጊዜ ገብቶ ተቀምጦ፣ ዋጋ ጠይቆ መውጣት ያሳፍራል። ስለዚህ ከማፈር አለመግባት ይመርጣል።

መድኃኒቱ አንዲት ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ናት። የዕለቱ ምግብ ከነዋጋው ጠዋት ተጽፎ በሩ ላይ ይቆማል። እማማ መጀመሪያ ዋጋ ማውጣቱን አልወደዱትም ነበር፤ «ሰው ይሸሻል» አሉ። ውጤቱ ተቃራኒው ሆነ። በተለይ ግማሽ ሳህን በ110 ብር ተብሎ ሲጻፍ ተማሪዎችና የቀን ሠራተኞች መግባት ጀመሩ። ከግማሽ ሳህን የሚተርፈው 45 ብር ነው፤ ትንሽ ነው፤ ግን ከባዶ ወንበር የሚተርፍ ምንም የለም።

ከሰሌዳው ሌላ ያለ ገንዘብ የሚሠሩ ነገሮች አሉ። የደበዘዘውን ታፔላ ማጠብ፣ የእጅ መታጠቢያውን በሳሙናና በንጹሕ ፎጣ ማዘጋጀት፣ ከመንገድ የሚታየውን ጠረጴዛ ከሁሉ ቀድሞ ማስያዝ፣ ቡናውን በር አካባቢ መቁላት። የሚቆላ ቡና ሽታ የማያስቆመው አላፊ አግዳሚ ጥቂት ነው። ለመስገድ የሚፈልግ ደንበኛ ውዱእ የሚያደርግበት ውሃና አንዲት መስገጃ የሚነጠፍባት ጥግ ከተዘጋጀችለት ደግሞ ከሩቅም ቢሆን ይመጣል።

ወጣቶች ሆይ፣ ሥራ አላችሁ

በዚህ ጊዜ የስልክ ነገር ሊዘለል አይገባውም። የእማማ መካከለኛ ልጅ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ስልኳን ይዛ ብዙ ሰዓት ታጠፋለች ተብላ ዘወትር የምትቆጣ ልጅ ነበረች። አሁን ያ ስልክ ሥራ አገኘ። በየጠዋቱ የሰሌዳውን ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ለደንበኞች ትልካለች። ትእዛዝም በዚያው ይመጣል። ክፍያው በቴሌብር ይፈጸማል፤ ይህ አገልግሎት ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ስለሆነ ለብዙው ሰው እንግዳ አይደለም። በምሳ ሰዓት መልስ ፍለጋ መራወጥም ቀረ።

እዚህ ላይ ለወጣቶቻችን ሁለት ምክር አለን። አንደኛ፣ ፎቶው የራሳችሁ ምግብ ይሁን። ከሌላ ቦታ የተገኘ የሚያምር የጥብስ ሥዕል ልካችሁ ሰው ሲመጣ ሌላ ነገር ከቀረበለት ያ ሰው ዳግም አይመለስም፤ ዝም ብሎም አይቀርም፤ ለሌላው ይናገራል። ሁለተኛ፣ በየሰዓቱ መልእክት እየላካችሁ ሰውን አታሰልቹ። በቀን አንድ ጊዜ፣ ከምሳ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ይበቃል።

ምግብ በሞተር የሚያደርሱ ድርጅቶች ጋር ለመሥራት የሚያስቡ ደግሞ ከላይ ያየነውን ሒሳብ ይሥሩ። ድርጅቱ ከያንዳንዱ ሳህን የሚወስደው ድርሻ ከ80 ብሩ ላይ ሲቀነስ ምን ይቀራል? የሚቀረው በቂ ከሆነ እሰየው፤ ካልሆነ ግን ብዙ ሸጦ ባዶ እጅ መቅረት ይመጣል።

የጾም ገበያ

በአገራችን የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ እንደየእርዱ የተለየ መሆኑ የታወቀ ነው። በዚህ ምክንያት የሥጋ ምግብ ብቻ የሚያቀርብ የሙስሊም ምግብ ቤት ግማሹን ጎረቤቱን ከመጀመሪያው አጥቷል ማለት ነው። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ዓሣው ግን ሁሉም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሊቀመጥበት የሚችል ማዕድ ነው። የጋራዡ ሠራተኞች ብዙዎቹ ክርስቲያኖች ናቸው። ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ፤ ከፋሲካ በፊት ደግሞ ሃምሳ አምስት ቀን የሚቆየው ዐቢይ ጾም አለ። እማማ በነዚህ ቀናት ቅቤ ያልነካው በየአይነቱ ማቅረብ ጀመሩ። ድስቱም፣ መጥበሻውም፣ ማማሰያውም የተለየ ነው፤ ይህንንም ለሚጠይቅ ሁሉ ወጥ ቤት አስገብተው ያሳያሉ። ጎረቤት የሚያምነው ያየውን ነውና።

በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ለየት ያለ ነገር ነበር። ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ሲገባ ረመዷን የካቲት 22 ገባ፤ ሁለቱ ጾሞች በአንድ ሳምንት ተገናኙ ማለት ነው። ለብዙ የሙስሊም ምግብ ቤቶች ረመዷን በቀን የሚዘጋበት፣ ሠራተኛ የሚበተንበት ወር ነው። እማማም ሊዘጉ ያሰቡት እስከዚያው ድረስ ነበር። እኛ ግን ወሩን እንደ ኪሳራ ከማየት እንደ ሌላ ሥራ እንዲያዩት ተነጋገርን።

ቀን ላይ ቤቱ ተዘግቶ ወጥ ቤቱ ታጠበ፣ ግድግዳው በኖራ ተቀባ። ከአስር በኋላ በሩ ተከፈተ። ሳምቡሳ፣ ሾርባ፣ ተምርና ውሃ በአንድ ላይ የኢፍጧር ጥቅል ሆኖ፣ ትእዛዙ እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ በስልክ ይሰበሰባል። ቀድሞ ስለሚታዘዝ የሚጣል ምግብ የለም። ከመግሪብ በኋላ ራት፤ ከተራዊሕ በኋላ ሻይና ቡና። ከሁሉም በላይ ግን የጠቀመው እማማ ወደ መስጊዱ ጀመዓ ሄደው ለተቸገሩ ሰዎች የሚቀርበውን ኢፍጧር በተመጣጣኝ ዋጋ ለማዘጋጀት መጠየቃቸው ነው። ሶደቃ ማድረግ የሚፈልጉ ሰዎች የአሥር ወይም የሃያ ሰው ከፍለው ይሄዳሉ፤ ምግቡ በስማቸው ሳይሆን በዝምታ ይደርሳል። እማማ በዚህኛው ላይ የወሰዱት ትርፍ ከሌላው ያነሰ ነበር። ሆኖም ምጣዱ ወሩን ሙሉ አልቀዘቀዘም።

ረመዷን በፀሐይ አቆጣጠር በየዓመቱ ወደ አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመጣ፣ ባለ ምግብ ቤቶች የሁለቱንም ጾሞች ቀን ከዓመቱ መጀመሪያ በቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት ቢያደርጉ ሳይታሰብ ከመደንገጥ ይድናሉ።

ፈተናዋ ቀን

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በጥር ወር ዘይትና ሥጋ እንደገና ሲጨምር አንድ በሙያው የቆዩ ሰው ለእማማ ምክር ሰጧቸው። «ዋጋ አትጨምሪ፤ ሰው ይሸሻል። ይልቅ ከሥጋው ቀነስ አድርጊ፤ ዘይቱንም ደጋግመሽ ተጠቀሚበት። ማን ያውቃል?» አሏቸው። እማማ ይህን ሲነግሩን ፊታቸው ላይ ጭንቀት ነበር። ምክሩ መጥፎ መሆኑን አጥተውት አይደለም። ሰባት ሰው የሚያስተዳድር ሰው ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣ የማያስበው ነገር የለም።

በሶሒሕ ሙስሊም እንደተዘገበው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ አንድ የእህል ክምር ቢያስገቡ ከሥሩ እርጥበት አገኙ። ሻጩን ቢጠይቁት ዝናብ እንደነካው ተናገረ። እርጡቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁትና፣ የሚያታልል ሰው ከርሳቸው እንዳልሆነ አስጠነቀቁ። ከቁርኣን ምዕራፎችም 83ኛው ስሙን ያገኘው ሚዛንና ስፍር ከሚያጎድሉ ሰዎች ነው። በምግብ ቤት ውስጥ ሚዛኑ ጭልፋው ነው። ደጋግሞ የተጠበሰበት ዘይት ለጤና ጎጂ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም።

እማማ ሁለት ቀን አስበው ሰሌዳውን አወጡ። «ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ሥጋ ያለበት ምሳ 220 ብር ይሆናል። ሳህኑ አይቀንስም። ሽሮ፣ በየአይነቱና የከፈላችሁት ኮንትራት በነበረበት ይቀጥላል» ብለው አስጻፉ። ሳምንት ሙሉ በሩ ላይ ቆመ። ያጉረመረመ ነበር፤ የቀረም አልጠፋም፤ ሦስት ሰው። ሌላው ግን ቀጠለ። ጥቂቱም ከሥጋ ወደ ሽሮ ተዛወረ እንጂ ከቤቱ አልወጣም። አንዱ የጋራዥ ሠራተኛ፣ «ቢያንስ አላታለሉንም፤ ሌላው ቦታ ዋጋው ያው ሆኖ ሥጋው ነው የጠፋው» ሲል ሰምተነዋል። ይህን የመሰለ ማስታወቂያ በገንዘብ አይገዛም።

ያልሠራው

ሁሉም ነገር ተሳካ ብለን አንባቢን አናታልልም። መጀመሪያ ሰሞን አምስት መቶ በራሪ ወረቀት አሳትመን በታክሲ ተራ አስበትነን ነበር። በዚያ ወረቀት ምክንያት የመጣ ሰው አላገኘንም። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ የታክሲ ተሳፋሪ ወደ ሌላ ሰፈር የሚሄድ ሰው መሆኑን አላሰብንም። በአጠገብ ላሉት ሱቆች በእጅ ቢሰጥ ኖሮ ሃምሳው ይበቃ ነበር። ማታ ማታ ቤቱን እስከ አራት ሰዓት ክፍት ማድረግም ተሞክሮ ነበር፤ መብራቱና ድካሙ ከሽያጩ በለጠ፤ ቀረ። አንዷ አስተናጋጅም ችግሩ ሳይፈታ በፊት በራሷ ጊዜ ለቅቃ ሄደች፤ እማማ እስካሁን ያነሷታል።

ስለዚህ አንድ ነገር በአንድ ጊዜ ይሞከር። ለሁለት ሳምንት ይታይ። በደብተር ይመዝገብ። ከሠራ ይቀጥል፤ ካልሠራ ያለ ኀዘን ይተው። አሥር ዘዴ በአንድ ቀን የጀመረ ሰው የትኛው እንደጠቀመውና የትኛው እንደጎዳው አያውቅም።

የሳህኑ ቁጥር

ከረመዷን በፊት በነበሩት ሳምንታት የእማማ ቤት በቀን በአማካይ ሃምሳ ሦስት ሳህን ይሸጥ ነበር። አሥራ ሁለቱ የኮንትራት ሲሆኑ አርባ አንዱ በሙሉ ዋጋ የሚበሉ ናቸው። በቀደመው ሒሳባችን ሲሰላ 4,120 ብር ይተርፋል፤ ከማይቀረው ወጪ በ120 ብር ብቻ ይበልጣል። ይህ ሀብት አይደለም። ኪራዩ አሁንም ከባድ ነው፤ የነገውን የዘይት ዋጋም የሚያውቅ የለም። ነገር ግን በሩ ክፍት ነው። ስድስቱ ሠራተኞች ደመወዛቸውን በወሩ መጨረሻ አግኝተዋል። የእማማ ልጅም ትምህርቷን አላቋረጠችም።

ውድ አንባብያን፣ በየሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ቤት አለ። ምናልባት የአክስታችሁ፣ የጎረቤታችሁ፣ ወይም የራሳችሁ ሊሆን ይችላል። ባለቤት ከሆናችሁ ዛሬ ማታ ደብተር አውጡና ሦስቱን ቁጥሮች ጻፉ። ልጅ ከሆናችሁ ወላጆቻችሁን በስልካችሁ አግዙ። ደንበኛ ከሆናችሁ ደግሞ የጣፈጣችሁን ለወዳጅ ንገሩ፣ ያልጣፈጣችሁን ለባለቤቱ ብቻ በለሆሳስ ንገሩ፤ የዱቤ ሒሳባችሁንም አትርሱ።

በመጨረሻው የሸዕባን ቀን ምሳ በልተን ስንወጣ እማማ እንደ ልማዳቸው በወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው ነበር። የቀረ እንጀራ ስንት እንደሆነ ጠየቅናቸው። «ዛሬ አልቆጠርኩም፤ ለሳምቡሳው ሊጥ እያቦካሁ ነው» አሉን።

አላህ ለሁላችንም ሐላል ሪዝቅና በረካ ይስጠን።